ሄራልድን እንዴት ታነቡታላችሁ?

ውድ ልጆች፣

አንዳንዶቻችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ብላችሁ የድሮ ጋዜጣ ታገላብጣላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ጋዜጠኝነት ተምራችሁ "የት ልቀጠር?" እያላችሁ ነው። ሌሎቻችሁ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ስትጽፉ ትውላላችሁ፤ ሪፖርት፣ ፕሮፖዛል፣ ሲቪ። ለሁላችሁም ስለ አንድ ጋዜጣ ላውራችሁ። ስሙ ዘ ኢትዮጵያን ሄራልድ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚታተም የመንግሥት ጋዜጣ። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ዜና ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በመመለስና የሌላውን እንግሊዝኛ በማረም ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የድሮ ዕትም ማገላበጥ ሱስ ሆኖብኛል። ስለዚህ ነገሬ ትንሽ ቢረዝም ታገሡኝ።

ብዙ ወጣት ሄራልድን የሚያውቀው በስም ነው። "የመንግሥት ጋዜጣ አይደል? ምን ይነበባል?" ይላል። እውነት ነው፣ የመንግሥት ነው። ሲወለድም የመንግሥት ነበር። ግን ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖረን ነገር በአንድ ቃል ዘግቶ ማለፍ ስንፍና ነው። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጥቶ ሄደ፣ ኢሕአዴግም እንዲሁ። በየጊዜው ስንቱ ጎዳና፣ ስንቱ ትምህርት ቤት፣ ስንቱ መሥሪያ ቤት ስሙ ተቀየረ። ሄራልድ ግን ስሙን እንደያዘ ዛሬም ይታተማል። እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መንግሥታት ሁሉ ይህን ጋዜጣ ለምን ፈለጉት? ጥያቄው ይሄ ነው።

መልሱን ለማግኘት ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ።

ከጣሊያን ወረራ በፊት ከውጭ ሰው ጋር የምንነጋገርበት ቋንቋ በአመዛኙ ፈረንሳይኛ ነበር። ምድር ባቡሩ ከጅቡቲ ይመጣል፣ ኩባንያው የፈረንሳዮች ነው። ሐረር ላይ የካፑቺን ሚሲዮናውያን በ1905 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጀምረው ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ1913 እ.ኤ.አ. ኩርየ ዴትዮፒ መጣ። የተማረ የሚባለው ሰው "ሙሴ" እያለ ነበር የሚነጋገረው። አያቶቻችሁ "ጋራዥ"፣ "ሾፌር"፣ "ቡፌ" ሲሉ የሚሰማው የዚያ ዘመን ቅሪት ነው።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ጣሊያንን ለማስወጣት አብረውን የተዋጉት እንግሊዞች ወታደር ብቻ ይዘው አልመጡም፤ አማካሪም፣ ገንዘብም፣ ጣጣም ይዘው ነው የመጡት። በጥር 1934 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ለእንግሊዝ ከሌላው አገር የበለጠ ቦታ ይሰጥ ነበር። ኦጋዴን ገና በእነሱ እጅ ነው። በዚያው ዓመት ሕግ የሚታወጅበት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ዓምድ፣ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። ሕግ የተማራችሁ ይህን ገጽ በደንብ ታውቁታላችሁ። በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሄራልድም የመጀመሪያ ዕትሙን ያወጣው በዚያው ዓመት፣ በሰኔ ወር ነው። አየር መንገዱና ኮሌጁ በእንግሊዝኛ ሊሠሩ የሚጀምሩበት ዘመን ዋዜማ ላይ ነን ማለት ነው።

የአማርኛው አዲስ ዘመን ቀድሞ ወጥቷል፣ ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም.። አዲስ ዘመን ለእኛ ነው። ሄራልድስ ለማን ነው? በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር? ጥቂት። አንባቢው ሌጋሲዮን ውስጥ ያለው ዲፕሎማት፣ የእንግሊዙ መኮንን፣ የሚሲዮን ሐኪሙ፣ የውጭ አገር መምህሩ፣ ለንደንና ዋሽንግተን ውስጥ ጋዜጣውን በፖስታ የሚቀበለው ሰው ነው። መንግሥት "እኛ አገር ነን፣ ሞግዚት አያስፈልገንም" የሚለውን ነገር በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሱ አፍ መናገር ፈለገ። እኔ እንደዚያ ነው የማነበው።

ይህን ግምቴን የሚያጠናክርልኝ አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው አዘጋጅ እንግሊዛዊ አልነበረም። ዶክተር ዊሊያም ስቲን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በዚያው ሰሞን ሌላው ጥቁር አሜሪካዊ፣ አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ የእኛን ልጆች አውሮፕላን ማብረር ያስተምር ነበር። ቆይቶም ዴቪድ ታልቦት የሄራልድ አዘጋጅ ሆነ። ታልቦት የተወለደው በዚያን ጊዜ ብሪትሽ ጊያና ይባል በነበረው አገር ነው፤ አሜሪካ ተምሮ ነው የመጣው። ኢትዮጵያ ስትወረር አልቅሰው፣ ገንዘብ አዋጥተው፣ በአደባባይ ሰልፍ የወጡ ጥቁሮች በሌላው ዓለም ሞልተው ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ ከእነሱ መካከል የተማሩት መጡ። እንግሊዝኛውን ከእንግሊዝ ሳይወስዱ ከእነሱ መውሰድ ብልጠት ነበር። ይህ ታሪክ በትምህርት ቤት መጽሐፋችን ውስጥ በቂ ቦታ ማጣቱ ያናድደኛል። ርዕስ የቸገራችሁ ካላችሁ፣ ይኸው።

እንግሊዛዊቷን ሲልቪያ ፓንክረስትንም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሄራልድ ከመወለዱ ሰባት ዓመት በፊት፣ አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ በወደቀችበት ሰሞን፣ ለንደን ላይ ስለ ኢትዮጵያ የሚጮህ ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቋመች። ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ይባላል። ሃያ ዓመት አሳተመችው። በ1956 እ.ኤ.አ. ጠቅልላ አዲስ አበባ ገባችና ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል መጽሔት ጀመረች። ከአራት ዓመት በኋላ አረፈች፤ መቃብሯ ሥላሴ ካቴድራል ነው። የእሷ ጋዜጣ የግለሰብ ነው፣ ሙግት ነው፣ ቁጣ ነው። ሄራልድ የመንግሥት ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ ይጠነቀቃል። ሁለቱንም አንብቡ። በእንግሊዝኛ ስለ አገር መጻፍ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

ሄራልድ መጀመሪያ ሳምንታዊ ነበር። ዕለታዊ የሆነው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ያ ዓመት ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገበት ነው። ተከትሎ አፍሪካ አዳራሽ ተሠራ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። ከተማዋ በውጭ ሰው ተሞላች። ጠዋት ሆቴል ቁርሱን የሚበላው የጋና ወይም የሴኔጋል ልዑክ የሚያነበው ነገር ይፈልጋል። በዚህ መካከል ወንበሩን ኢትዮጵያውያን ተረከቡት፤ እንደ ያዕቆብ ወልደ ማርያም ያሉ፣ እንግሊዝኛውን አጣርተው የሚያውቁ አዘጋጆች። የዚያን ዘመን ዓረፍተ ነገር ስታነቡ ሰዎቹ ምን ያህል እንደተጨነቁበት ይታያችኋል። ኮማዋ ሳትቀር በቦታዋ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እናቶቻችን እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑን ያሳምራሉ። መጋረጃው ይቀየራል፣ የማይነካው ብርጭቆ ይወጣል፣ ልጆች "አደብ ግዙ" ይባላሉ። ጓዳው እንዴት እንደሆነ እንግዳው አያይም። ሄራልድ የአገሪቱ ሳሎን ነበር። ይህን ስል ለማንቋሸሽ አይደለም። ሳሎን ውሸት አይደለም፤ ቤቱ ምን መምሰል እንደሚፈልግ ይናገራል። ግን ሳሎኑን ብቻ አይቶ ስለ ቤቱ ሁሉ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ይሳሳታል።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ደግሞ ጥቂት አይደሉም። አማርኛ የማያነብ የውጭ ተመራማሪ ስለ 1950ዎቹና 60ዎቹ ሲጽፍ ምን ያነባል? ሄራልድን። ግርጌ ማስታወሻው ላይ ደጋግሞ ታዩታላችሁ። ሰውዬው ላይ አልፈርድም፣ ያለውን ነው የተጠቀመው። እናንተ ግን አማርኛ ታነባላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ኦሮምኛና ትግርኛ ጭምር። ያ ተመራማሪ የሌለውን ነገር ይዛችሁ የእሱን መንገድ ብትደግሙ ያሳዝናል። የአንድ ቀን ሄራልድ ስታወጡ የዚያኑ ቀን አዲስ ዘመን ከጎኑ ዘርጉ። አንዱ ላይ የፊት ገጽ የሆነው ሌላው ላይ የት ገባ? አንዱ ላይ ያለው ፎቶ ሌላው ላይ ለምን ቀረ? ስለ ውጭ እርዳታ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ዋጋ ንረት የተጻፈውን አወዳድሩ። ብዙ ቀን ልዩነት አታገኙም፤ አንዱ የሌላው ትርጉም ነው። ልዩነት ያገኛችሁበት ቀን ግን ወርቅ ነው፤ እዚያ ቀን ላይ ቆዩ።

ዜናው እንዴት ይሠራ እንደነበር ላሳያችሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ማስመሪያና ቀይ እስክሪብቶ አይጠፉም ነበር። ማስመሪያውን ከመስመሩ ሥር አድርጌ አንድ በአንድ እወርዳለሁ፤ እንዲያ ካልሆነ ዓይን ይዘላል። ዜናው መጀመሪያ በአማርኛ ተጽፎ ይመጣል። "ክቡር አቶ እገሌ፣ ክብርት ወይዘሮ እገሊት፣ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናትና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች በተገኙበት" ብሎ ይጀምራል። ማዕረጉ በቅደም ተከተል ነው፤ አንዱን ከአንዱ ማስቀደም አይቻልም። ሁለተኛው አንቀጽ ሚኒስትሩ ያሉት ነው። ሦስተኛውም ሚኒስትሩ ያሉት ነው። አራተኛው ላይ ምስጋና አለ። ድልድዩ የት ወንዝ ላይ እንደተሠራ፣ ስንት ብር እንደፈጀ፣ ስንት ዓመት እንደዘገየ የምታገኙት አምስተኛው ላይ ነው፤ ያውም ከተጻፈ። እኔ አምስተኛውን ወደ ላይ ላወጣው እሞክራለሁ። አለቃዬ መልሶ ያወርደዋል። ሥራችን ይኸው ነበር፣ ማውጣትና ማውረድ።

ስለዚህ የመንግሥት ዜና ከታች ወደ ላይ አንብቡ። ከልቤ ነው የምላችሁ። የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ፍሬ ነገር ይቀመጣል፤ ማንም እዚያ ድረስ አንብቦ አይቆርጠውም። ቦታ ጠቦ ካልተቆረጠ በቀር ማለቴ ነው። በንጉሡ ዘመን የፊት ገጹ የእሳቸው ነው፤ ማንን ተቀበሉ፣ ምን መረቁ፣ የት ጎበኙ። በደርግ ጊዜ ፎቶው ተቀየረ፣ ቦታው ግን ያው ነው። ሰልፍ፣ ስብሰባ፣ "ጓድ ሊቀ መንበር"። በኋላም ቃሉ ሌላ ሆነ እንጂ አቀማመጡ ብዙም አልራቀም። እናንተ የፊት ገጹን ተራ አስይዛችሁ ወደ ውስጥ ገጾች ሂዱ።

ዝምታንም ማንበብ ተማሩ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ የሌለውን ማየት ነውና። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሄደው ፎቶ ይዘው መጡ፣ ተማሪው ተቆጣ። መንግሥት ግን ነገሩ እንዲወራ አልፈለገም። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ጉድ አለ። የእኛ ሕዝብ ያንን ምስል በቴሌቪዥን ያየው ንጉሡ ከሥልጣን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነው፤ ያውም ደርግ ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቀላቅሎ ሲያሳየው። ለእንግዳ የተዘጋጀ ጋዜጣ ባለበት አገር የቤቱን ገመና እንግዳው ራሱ ገብቶ አየው ማለት ነው።

ከዚያስ ተማርን? አልተማርንም። በጳጉሜን 1976 ዓ.ም. ኢሠፓ፣ የደርግ ፓርቲ፣ ሲመሠረትና በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር፣ ሰሜኑ እንደገና ተርቧል። ንጉሡን በረሃብ የከሰሰው መንግሥት በዓሉ እንዳይበላሽበት ነገሩን ማዳፈን ፈለገ። ጥቅምት ላይ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረምን ለዓለም አሳዩ። የዚያን መስከረም ዕትሞች አውጥታችሁ ገጽ በገጽ ሂዱ። ስለ ረሃቡ የተጻፈ ነገር ፈልጉ፤ ስንት መስመር እንደሆነ፣ የት ገጽ እንደተቀመጠ፣ በምን ቃል እንደተነገረ። ከዚያ የበዓሉን ገጾች ቁጠሩ። እኔ ከምነግራችሁ ራሳችሁ ብትቆጥሩት ይሻላል።

ግን ፍርዳችሁ እንዳይቸኩል። እነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሁሉ አድርባዮች አልነበሩም። አንዳንዱ የሚያውቀውን መጻፍ ሲከለከል ስለ ቅርስ፣ ስለ ቡና፣ ስለ ደን፣ ስለ አክሱም ሐውልት ይጽፋል። የዘመኑ ምርጥ ጽሑፎች እዚያ የባህል ገጽ ላይ ናቸው። ፖለቲካው ሲጠብ ችሎታው ወደዚያ ይሸሻል። ደግሞም አንዳንዴ በሩ ገርበብ ይላል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲው አድማ፣ የመምህራኑ አድማ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ መውረድ ተከታትለው መጡ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ጋዜጦቹ ላይ የነበረውን ድምፅ ስሙት። ሌላ አገር ይመስላል። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ ዘመን ላይ አብዮታዊ መድረክ በሚለው ዓምድ ሁለቱ የግራ ፓርቲዎች፣ መኢሶንና ኢሕአፓ፣ ይሟገቱ ነበር። ያ ሙግት በአማርኛ መሆኑን ልብ በሉ። ሳሎን ውስጥ አልተጣሉም፣ ጓዳ ገብተው ነው የተጣሉት።

ስለ ግሉ ፕሬስ በአጭሩ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ወጣ፤ ተከትሎ አዲስ ትሪቡን፣ ሞኒተር፣ ካፒታል፣ ፎርቹን፣ የሪፖርተር እንግሊዝኛው መጡ። የውጭው አንባቢ አማራጭ አገኘ፤ የአገሩ ነጋዴም ጭምር። ከዚያ ወዲህ ሄራልድ ብቸኛው የእንግሊዝኛ ድምፅ አይደለም። አንዳንዶቹ ጋዜጦች ዛሬ የሉም፤ ሲከፈቱ ያጨበጨበ ሰው ሲዘጉ ድምፁ አልተሰማም። ሄራልድ ግን በመንግሥት በጀት ስለሚኖር አይከስርም። ይህ ጥንካሬው ነው፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። አንባቢ ባይገዛውም ይታተማላ።

አንባቢ አልኩ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው ሄራልድን የገዛው ለርዕሰ አንቀጹ አይደለም። ለማስታወቂያው ነው። ኤምባሲው፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቱ፣ ኤንጂኦው ክፍት የሥራ ቦታ የሚያወጣው እዚያ ነበር። ዓለም አቀፍ ጨረታው እዚያ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት አራት ኪሎ ነው፤ እዚያው አካባቢ ጋዜጣ አከራዮች ነበሩ። ሥራ ፈላጊው ድንጋይ ላይ፣ የአጥር ጥግ ላይ ተቀምጦ የተከራየውን ጋዜጣ በጣቱ ይወርዳል። ወረቀቱ እንዳይቀደድ አከራዩ ዓይኑን አይነቅልም። አንዱ ያነባል፣ ሁለቱ ከትከሻው በላይ አንገታቸውን ያሰግጋሉ። "ኤክስፔሪያንስ ስንት ዓመት ይላል?" "ሁለት።" "እሱን ተወው፣ ቀጣዩን።" ዛሬ እናንተ ቴሌግራም ቻናል ላይ የምታደርጉትን ያኔ ወላጆቻችሁ በዚያ መልክ አድርገውታል።

ታሪክ ለምታጠኑ ልጆች ደግሞ እነዚያ የማስታወቂያ ገጾች ከርዕሰ አንቀጹ ይበልጣሉ። የትኛው ሲኒማ ቤት ምን ፊልም እንዳሳየ፣ አውሮፕላኑ ወዴት እንደሚበር፣ የትኛው ኩባንያ ጸሐፊ ሲፈልግ "ሴት ብትሆን ይመረጣል" እንዳለ፣ መኪና የሚሸጠው ፈረንጅ አገር ሊለቅ መሆኑን። ማስታወቂያ ሳንሱር አድራጊው ጠንክሮ አያነበውም። የከተማው ኑሮ ሳይቀባባ የተቀመጠው እዚያ ነው። በ1966 እና በ67 ዓ.ም. ስንት ሰው ቪላውንና ዕቃውን ለሽያጭ እንዳቀረበ ብትከታተሉ፣ ከብዙ ትንታኔ የበለጠ ይነግራችኋል ብዬ እገምታለሁ።

ሄራልድ ለስንቱ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። መምህሩ "ጋዜጣ አንብቡ" ይላል፣ ተማሪው መዝገበ ቃላት ይዞ ይቀመጣል፣ ከማያውቀው ቃል ሥር ያሰምራል። ጥሩ ነው። ግን ከዚያ ጋር አንድ መጥፎ ልማድም ወርሰናል። ከባድ እንግሊዝኛ ትልቅ እንግሊዝኛ ይመስለናል። ዓረፍተ ነገሩ ሲረዝም፣ ቃሉ ሲጠማዘዝ፣ የተማርን ይመስለናል። እሱ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ማንም ተጠያቂ እንዳይሆን የተሠራ። እናንተ ዛሬ ደግሞ በስልካችሁ ያለው ማሽን እንዲያ ያለውን በሰከንድ ያመርትላችኋል። እኔ ማሽኑን አልጠላውም፤ በእኛ ጊዜ ቢኖር ወገቤ ባልታመመ። ግን ማሽኑ አንባቢያችሁን አያውቀውም። ለማን እንደምትጽፉ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ፕሮፖዛል ስትጽፉ ለፈረንጁ ለጋሽ ትጽፋላችሁ። መንደሩ በጣም ደሃ እንዲመስል፣ ድርጅቱ በጣም ጎበዝ እንዲመስል ታደርጋላችሁ። ያው ሄራልድ ማለት ነው፣ የፊት ገጹ ብቻ ተቀየረ። ያንኑ ሪፖርት ለመንደሩ ሰው በአማርኛ ወይም በሚናገሩት ቋንቋ ብታነቡላቸው ሳያፍሩባችሁ ይሰሟችኋል? ካፈሩባችሁ እንግሊዝኛው ላይ ያለ ችግር አይደለም፤ ነገሩ ላይ ነው። ለጋዜጠኞችም ያው ነው። በእንግሊዝኛ የጻፍከው ዜና ውስጥ ያለው ሰው፣ ሰፈር ሲያገኝህ ዓይንህን አይቶ "እንዲህ አልኩህ እንዴ?" ቢልህ ምን ትመልሳለህ? የዱሮ አዘጋጆች ይህ ጭንቀት አልነበረባቸውም። የተጻፈለት ሰውና የተጻፈበት ሰው አይገናኙም ነበር። አሁን ይገናኛሉ፤ ስክሪንሹት አለ።

"የመንግሥት ሚዲያ ልግባ ወይስ ልቅር?" ብላችሁ የምትጠይቁኝም አላችሁ። ግቡ። ሥራ መረጣ በሌለበት አገር እዚህ ላይ ሰውን መገሠጽ አልወድም። ሙያውን እዚያ ትማራላችሁ፤ ቀን መጠበቅን፣ ስም ማጣራትን፣ የሰዓት ገደብን። ብቻ ለራሳችሁ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። የተቆረጠውን አንቀጽ፣ ቀኑን፣ ማን እንደቆረጠው ጻፉ። ቤታችሁ አስቀምጡት። የእኛ ትውልድ ያንን ባለማድረጉ ዛሬ ዝምታው ብቻ ቀርቷል፤ ማን "አይሆንም" እንዳለ፣ ማን ደግሞ ተከራክሮ እንደተሸነፈ አይታወቅም።

ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ለምትሄዱ ጥቂት የእጅ ሙያ ልንገራችሁና ላብቃ። ጥራዙ ከባድ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ክፈቱ እንጂ አታቁሙት፣ ጀርባው ይሰበራል። ወረቀቱ ደርቋል፣ ጥጉን በጣት አትጠምዝዙ። እስክሪብቶ ቤት ተዉት፣ እርሳስ ይዛችሁ ግቡ።

የዘመን አቆጣጠሩ ብዙ ተማሪ ጥሏል። አዲስ ዘመን በእኛ ቀን ነው፣ ሄራልድ በፈረንጅ። የታኅሣሥ 1953ቱን የእነ መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሄራልድ ላይ የምትፈልጉት ዲሴምበር 1960 ላይ ነው። ከእኛ ዓመት ወደ ፈረንጁ ስትሄዱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ጨምሩ፣ ከጥር በኋላ ስምንት፤ ታኅሣሥ መጨረሻና ጥር መግቢያ ላይ ግን ቀኑን ራሱ አጣሩ። ሰዓቱንም ተጠንቀቁ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት የተደረገው ስብሰባ እዚያ ዘጠኝ ሆኖ ይመጣል። የሰዎች ስም አጻጻፍ ደግሞ ወጥ አይደለም፤ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ በሦስት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። በኮምፒውተር ስትፈልጉ አንዱን ሞክራችሁ "የለም" ብላችሁ እንዳትወጡ።

ፎቶ ስታነሡ የምትፈልጉትን ዜና ብቻ ቆርጣችሁ አታንሡ። ሙሉ ገጹን አንሡ፤ ከላይ ቀኑና የገጽ ቁጥሩ ይታይ፣ ከጎኑ ያለው ማስታወቂያም ይግባ። ከዓመት በኋላ ለጽሑፋችሁ የሚያስፈልጋችሁ ያ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፣ ጥራዙን መልሶ የማውጣቱ ጣጣ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጃል።